ከሠላምታ ጋር

ኢንስፔክተር ፊሮምሳ ገላን ኮንዶሚኒየም ሲደርስ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። የማን ነጠላ እንደሆነ ጠየቀ። ከሕንፃው ጥግ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ፣ ጣቶቻቸውን ቀለም የነካቸው አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አባባ አምባው ይባላሉ፤ ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ግማሹን የሱቅ ታፔላ የጻፉት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደ ተስፋሚካኤል መምጣት ልማዳቸው ነበርና፣ ዛሬም ሲመጡ መሬት ላይ አገኙት። ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሕንፃው ሰው ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ገሚሱ ገበያ ስለነበር ያየም የሰማም አልተገኘም።

ሟቹ ተስፋሚካኤል የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር፤ ሚስትም ልጅም የለውም። በሥራ ቀን ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ሆኖ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሙሉ ልቡን የሰጠው አንድ ድረ ገጽ አለው። «የቃሊቲ ታፔላ» ይባላል። በእጅ የተጻፈ የሱቅ ታፔላ፣ የመኪና ኋላ ጥቅስ፣ የጋራዥ በር፣ የአጥር ላይ «መሽናት ክልክል ነው» ሳይቀር ፎቶ እያነሣ፣ ቁጥር እየሰጠ፣ ማን እንደጻፈው እየመረመረ ዐሥራ አራት ዓመት ለጥፎበታል። አንባቢዎቹ አንድ ሺህ አይሞሉም፤ እነሱም እንደ እሱ በፊደል ያበዱ ናቸው።

ፊሮምሳ አራተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ አልተሰበረም፤ ገርበብ ብሎ ነበር። የበረንዳው ብረት ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢሆን ሽቦ ይጨምርበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ በርቷል። ድረ ገጹ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ የወጣ ጽሑፍ ይታያል፦

«ቁጥር 3116
ውድ ወዳጆቼ፣
ድካም ስለተሰማኝ ገጹን ከዛሬ ጀምሮ የዘጋሁት መሆኑን አሳውቃለሁ፡፡ ሕይወትም ሰልችቶኛል፡፡ ይቅር እንድትሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፡፡
ከሠላምታ ጋር»

አብረውት የመጡት ፖሊሶች ይህን ሲያነቡ ነገሩ አለቀላቸው፤ አንዱ ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፊሮምሳ ግን ሦስት ጊዜ አነበበው። አንድ ነገር ቆረቆረው፤ ምን እንደሆነ ወዲያው አልያዘለትም። ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሲሠራ እንዲህ የቆረቆረው ነገር ባዶ ሆኖ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ወርቅነሽ የደረሰችው አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ነው። የሟቹ ታላቅ እኅት ናት፤ እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበር ፊደል ያስቆጠረችው፣ ያሳደገችው፣ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችው እሷ ናት። ባለቤቷ ካሳሁን ክንዷን ይዞ፣ የነፍስ አባቷ ቄስ ቀናው ከኋላ ተከትለው ገቡ። እንደ ሌላው አልጮኸችም። ጽሑፉን ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበችና ወደ ፊሮምሳ ዞረች።

«ይሄን እሱ ከጻፈው ፍትሐት የለውም» አለች።

ቄስ ቀናው ቀና ብለው አላዩአትም። ራሱን በገዛ እጁ ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረስ እሳቸውም እሷም ያውቁታል፤ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ለሚሆነው ቀብር የፖሊስን ቃል እጠብቃለሁ አሉ።

«ወንድሜ እንደ ውሻ አይቀበርም» አለች ወርቅነሽ። «እሱ አይደለም ያደረገው። ማንም ይሁን ማን፣ ያደረገውን ሰው አምጡልኝ። ማንም ይሁን።»

ካሳሁን «ተይ በቃ፣ ራስሽን አትጉጂ» እያለ ትከሻዋን ደባበሳት። ፊሮምሳ የሴትዮዋን ፊት ሲያይ የራሱን እኅት አስታወሰና ቃል የማይገባው ሰውዬ ቃል ገባ። ማክሰኞ ጠዋት እነግርዎታለሁ አላት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ተቀምጦ ድረ ገጹን ከመጀመሪያው ማንበብ ያዘ። ሊመረምር ጀምሮ ሲስቅ ራሱን አገኘው። ሟቹ ቀልደኛ ነበር። «ሉካንዳ» የሚለው ቃል በስድስት ዓይነት አጻጻፍ እንዴት እንደተጻፈ፣ አንድ ጋራዥ «ጎማ እንነፋለን» ሊል ፈልጎ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ሁሉንም ጸሐፊውን ሳያዋርድ ይተርካል። «አራት ነጥብ» የሚል አንድ ጽሑፉ ላይ ግን ፊሮምሳ ሳቁን አቆመ። እንዲህ ይላል፦

«ጸሐፊን ለማወቅ ፊደሉን አትዩ፤ ፊደሉን ሁሉም ይጠነቀቅበታል። ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ እጁ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። አባባ አምባው አራቱን ነጥቦች እንደ ምስር ያከቧቸዋል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኀጢአቱ ሌላ ነው። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ የሚያልፍ ሰው አለ። ለዓይን ያው ይመስላል፤ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ። ኮምፒውተሩ ግን አይታለልም፤ እኔም አልታለልም። ለራሴ የሠራሁት ኪቦርድ ላይ አራት ነጥብ የገዛ ቁልፉ አለው።»

ፊሮምሳ አፈረ፤ የፖሊስ ሪፖርቱን ሁሉ በሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ሲጨርስ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ የእሑዱን ጽሑፍ እንደገና ከፈተ። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ሰፋ ባለው፣ ባለ ሁለት ምቱ ነጥብ ነው ያለቁት። ያለፉትን ሦስት ሺህ ጽሑፎች በመፈለጊያው ፈተሸ። እንዲህ ያለ ነጥብ አንድም የለም። ሌላም ነገር ዓይኑ ገባ፦ የመጨረሻው ጽሑፍ ቁጥሩ 3116 ነው፤ ከሱ በፊት ያለው 3114። ቁጥሩን የሚሰጠው ድረ ገጹ ራሱ ነው። 3115 የሚባል ነገር ነበረ ማለት ነው፤ አሁን ግን የለም።

ቂሊንጦ የሄደው ሀይረዲንን ፍለጋ ነው። ሀይረዲን የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ አባቱ ሳሪስ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ናቸው። ከተስፋሚካኤል ሌላ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቅ እሱ ብቻ መሆኑን አልደበቀም። መሀል ከተማ የተሻለ ሥራ አብረን እንያዝ እያለ ሲወተውተው እንደነበረ፣ ሟቹም «ታፔላው ያለው እዚህ ነው» እያለ እምቢ በማለቱ ሐሙስ ዕለት ተኮራርፈው እንደተለያዩ ሳይጠየቅ ተናገረ። እሑድ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተረኛ ነበር፤ የፋብሪካው የሠራተኛ አውቶቡስ ሹፌርም የፈረቃ ኃላፊውም መሰከሩለት።

«ያለ ይለፍ ቃል ሌላ ሰው እዚያ ላይ መጻፍ ይችላል?» አለው ፊሮምሳ።

«ኮምፒውተሩ በርቶ ከነበረ ማንም ይችላል። ቁጭ ብሎ መጻፍ ነው።»

«የጠፋ ጽሑፍስ ይገኛል?»

ሀይረዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ድረ ገጹ ቅዳሜ ቅዳሜ በራሱ ቅጂ ወደ እሱ ኮምፒውተር እንደሚልክ፣ የቅዳሜው ቅጂ ቤት እንዳለ ነገረው። ከሥራ ሲወጣ ከፍቶ ሊያይለት ተስማሙ።

አባባ አምባውን ያገኛቸው አንድ የመድኃኒት መደብር በር ላይ መሰላል ተደግፈው ነው። ብሩሻቸውን ይዘዋል፤ አንድ ፊደል ግን አልጻፉም። እሑድ እሑድ ለምን ወደ ተስፋሚካኤል ይሄዱ እንደነበር ጠየቃቸው።

«የሳምንቱን ፎቶ ሊያሳየኝ» አሉ። «አንድ መኪና እንፈልግ ነበር፣ ልጄ።»

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን የአብስራን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቃሊቲ መንገድ ላይ አይሱዙ ገጭቷት ሳይቆም ሄደ። አብራት የነበረች የክፍል ጓደኛዋ ሰሌዳውን አላየችም። ያየችው ከኋላ የተጻፈውን ነው፦ «የእናቴ ጸሎት»፤ ቦታ ያልበቃት የመጨረሻዋ ት ከላይ ተንጠልጥላ። አባባ አምባው በሙያቸው ፈለጉት። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ጸሐፊ አያውቁም፤ ወደ ሞጆ አዳማ የተጻፈ መሆን አለበት። ፖሊስ ተሰላቸ። ተስፋሚካኤል ግን ድረ ገጹን ለጨዋታ ጀምሮት ሳለ ይህን ሲሰማ መኪናዎችንም ፎቶ ማንሣት ጀመረ፤ የሌላ ከተማ አንባቢዎችም እንዲልኩለት ጠየቀ።

«አግኝቼው ምን እንደማደርግ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው። «መቆም አቅቶት ነው ወይስ አላያትም? እሱን ብቻ ብጠይቀው።»

ፊሮምሳ ልቡ ከብዶት ስለነበር ስለ ሌላ ነገር ጠየቃቸው፤ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር እንዴት ነበሩ? ወርቅነሽን አመሰገኑ። የጽሕፈት ቤቷን ታፔላ የጻፉላት እሳቸው ናቸው። ባሏን ግን በቅጡ አያውቁትም፤ ታፔላውን ሲጽፉ ሙሉ ቀን ከውስጥ አልወጣም፣ መንገድ ላይ ሲያገኛቸውም ይሻገራል። ዓይን አፋር ሰው ነው አሉ።

የወርቅነሽ ጽሕፈት ቤት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ማመልከቻ ይጻፋል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሣል። እሷ ለቅሶ ቤት ስለነበረች ካሳሁን ብቻውን ነበር፤ የሆስፒታሉን ወረቀቶች ኮፒ ሊያደርግ እንደከፈተ ተናገረ። እሑድ ጠዋት ወገቡን አሞት ቤት ተኝቶ እንደዋለ፣ ሚስቱ ብቻዋን ቅዳሴ እንደሄደች አስረዳ። የሟቹ ስልክ ላይ እንደታየው ቅዳሜ ከእሱ ጋር ዐሥራ አራት ደቂቃ ስለ ምን እንዳወሩ ሲጠየቅ፣ ስለተበላሸው ፕሪንተር ነው አለ። ፕሪንተሩ ግን እያወሩ ሳለ ያለ ችግር ወረቀት ያወጣ ነበር።

ፊሮምሳ ይህን እንዳላየ አለፈው።

«አቶ ካሳሁን፣ እርስዎ በመጻፍ ፈጣን ነዎት አሉ። አስከሬኑ እንዲለቀቅ ለሆስፒታሉ አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ እስቲ።»

ካሳሁን ጻፈ። ጣቶቹ ይሮጣሉ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ትንሿ ጣቱ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ሲጨርስ ማንም ሳይነግረው «ከሠላምታ ጋር» ብሎ ዘጋው፤ በንጉሡ ሠ።

«ማን አስተማረዎት?»

«ባለቤቴ ናት። የድሮው የጽሕፈት መኪናዋ አራት ነጥብ አልነበረውም፤ እሷም ሁለት ጊዜ መምታት ለምዳ እኔንም እንደዚያው አስለመደችኝ።»

«ከዚያ በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር?»

ካሳሁን ወረቀቱን አጥፎ ሰጠው። «ሹፌር ነበርኩ» አለ። «ወገቤን ሲያመኝ ተውኩት።»

ፊሮምሳ ከዚያ ሲወጣ ከላይ ያለውን ታፔላ ቀና ብሎ አየ። አራቱ ነጥቦች ክብ ክብ ናቸው። ወርቅነሽ «ማንም ይሁን» ያለችው ትዝ ሲለው ባልገባሁበት አለ። አመሻሽ ላይ ሀይረዲን ደወለ። ቁጥር 3115ን አግኝቶታል፤ ሊያነብለት ጀምሮ ተወውና ላከለት።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በተስፋሚካኤል ቤት ተሰበሰቡ። ወርቅነሽ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ካሳሁን ከጎኗ፣ ቄስ ቀናው ወንበር ላይ፣ አባባ አምባው በሩ አጠገብ። ሀይረዲን ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። ደረጃው ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ።

ፊሮምሳ ከቄሱ ጀመረ። «አባቴ፣ ፍትሐቱን ያድርሱ። ይህን ጽሑፍ ተስፋሚካኤል አልጻፈውም።»

ወርቅነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፊሮምሳ ቀስ እያለ አስረዳ። ሟቹ በዐሥራ አራት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሁለት ነጥብን ደጋግሞ አልመታም፤ ይህን የጻፈ ሰው ሦስት ጊዜ መታ። ሟቹ ሰላምታ በእሳቱ ሰ እንጂ በንጉሡ እንደማይጻፍ አንድ ገጽ ሙሉ የተሟገተ ሰው ነው። ደግሞስ ሊሞት የተነሣ ሰው «በትሕትና እጠይቃለሁ፣ ከሠላምታ ጋር» ብሎ ይሰናበታል? ይህ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እጅ ነው። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ እጁ የለመደውን ጻፈ።

ወርቅነሽ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። እንዲህ የሚጽፍ ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ ከማንም በፊት ገብቷታል።

«እኔ ነኝ የምትለው?» አለች። ከተገናኙ ጀምሮ ፊሮምሳን «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

«እርስዎ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። አባታችን አይተውዎታል።»

ከዚያ በኋላ ወደ ባሏ አላየችም። ሌላው ሰው ሁሉ ግን አየው።

ፊሮምሳ ለሀይረዲን ምልክት ሰጠው። በኮምፒውተሩ ላይ አሮጌ ፎቶ ተከፈተ። የአይሱዙ ኋላ ነው። «የእናቴ ጸሎ» ይልና ት ከላይ ተንጠልጥላለች። መኪናውን ተደግፎ አንድ ወጣት ሹፌር ይስቃል፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የቀነሰ ካሳሁን ነው። አባባ አምባው ወደ ኮምፒውተሩ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ሥሩ ላይ ሟቹ ቅዳሜ ጽፎት ሳያወጣው ያስቀመጠውን ፊሮምሳ ራሱ አነበበው፦

«ቁጥር 3115። ከሞጆ አንባቢ የተላከ። አባባ አምባው፣ አገኘሁት። እንዳላየሁ ሆኜ ልደመስሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥሁ። አጠገቡ የቆመውን ሰው እወደዋለሁ፤ እኅቴን ያስደሰተ ሰው ነው። ግን እርስዎን በየእሑዱ ዓይንዎን እያየሁ ልዋሽ አልችልም። ደውዬለታለሁ። ነገ ከቅዳሴ ሲመጡ እሱ ራሱ እዚህ ሆኖ ይነግርዎታል። ይህን ጽሑፍ እሱ ሳይፈቅድ አላወጣውም።»

ካሳሁን ቁጭ ባለበት እጆቹን አያቸው።

«ፎቶውን አጥፋው አልኩት» አለ። «እምቢ አለኝ። በረንዳ ላይ ወጣ፤ አባባ አምባው ይመጣሉ፣ እንጠብቃቸው አለ። እኔ... ገፋሁት። እንዲሞት ብዬ አልነበረም። ከዚያ ወደ ታች አላየሁም።»

«አላዩም» አለ ፊሮምሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሽ እንደነበረው ሐኪሙ ነግሮኛል። ቢደርሱለት ይተርፍ ነበር ወይ ብዬው አልመለሰልኝም። እርስዎ ግን ፎቶውን አጠፉ፣ ቁጭ ብለው ጻፉ፣ በወዲያኛው ደረጃ ወርደው ሄዱ። ያኔም አልቆሙም፤ አሁንም አልቆሙም።»

አባባ አምባው ካሳሁን ፊት መጥተው ቆሙ። ሁሉም ይመቱታል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ፎቶውን በጣታቸው አሳዩት።

«ት ለምን ከላይ ሆነች?» አሉት። «ሰሌዳው አልበቃውም ነበር?»

«አልበቃውም ነበር» አለ ካሳሁን፣ እያለቀሰ። «ሳይለካ ነው የጀመረው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዐሥራ አንድ ዓመት የያዙት ጥያቄ ይህ አልነበረም፤ የያዙትን ለመጠየቅ ግን አቅም አጡ፤ መልሱንም ሰምተውታል።

ወርቅነሽ ተነሣች። ከባሏ ጎን ርቃ ቄስ ቀናው አጠገብ ቆመች። «ይፈታልኛል አይደል?» አለቻቸው። ቄሱ ይፈታል አሏት። «እንግዲህ እንሂድ፤ ስድስት ሰዓት እንዳይረፍድ።» ካሳሁን ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። ማንም ይሁን ያለችው እሷ ናትና ዞራ አላየችውም፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ሀይረዲን ደግፎ አወረዳት።

ፍትሐቱ ሙሉ ተደረሰ። ፊሮምሳ ከእድርተኛው ኋላ ቆሞ ሰማው። እውነቱን ፈልጎ አግኝቷል፤ ግን ሴትዮዋን ሲያይ፣ ባሏ ሊቆምበት የሚገባው ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ደስ የሚል ነገር አላገኘበትም። አንድ ወንድም መልሶላት ያላትን ሁሉ ወሰደባት። ቢያለቅስ ደስ ባለው ነበር፤ በደንብ ልብስ አይለቀስም ብሎ ዋጠው።

መቃብሩ ከተሞላ በኋላ አባባ አምባው የእንጨት መስቀል ይዘው ቀረቡ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። «ተስፋሚካኤል» ይላል፤ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ምስር የከበቡ አራት ነጥቦች። ወርቅነሽ ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እሱን ልጅ ሳለ እንዳስቆጠረችው።

«በቅቷል?» አለቻቸው።

«በቅቷል ልጄ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»